ተመስገን የሚለው አፌ ነው፤ ልቤስ?

የአንባቢያን ጥያቄና መልስ

ጥያቄ፦

ሲስተር፣ እንደምን ሰነበቱ? የምጽፍልዎ ከዚሁ ከጎንደር ነው። 33 ዓመቴ ነው። ባለትዳርና የሁለት ልጆች እናት ነኝ። ፒያሳ አካባቢ አንድ ሆቴል ውስጥ በካሸርነት እሠራለሁ። ባለቤቴ ባጃጅ ይነዳል። የምንኖረው በኪራይ ቤት ነው።

ያደግኩት ሰንበት ትምህርት ቤት ውስጥ ነው። ጾም አልሽርም። ፈረቃዬ ካልሆነ በቀር እሑድ ከቅዳሴ አልቀርም። ግን ውስጤ እረፍት የለውም። ማታ ልጆቹን አስተኝቼ ስልኬን እከፍታለሁ። ሃይስኩል አብራኝ የተማረች ጓደኛዬ ካናዳ ነው ያለችው። ቤቷን፣ መኪናዋን፣ የልጆቿን ልደት በቲክቶክ አያለሁ። ደስ ሊለኝ ይገባ ነበር። ግን የሆነ ነገር ጉሮሮዬ ላይ ይቀረቀራል። ከዚያ ባለቤቴ ሲገባ በረባ ባልረባው እነጫነጭበታለሁ። እሱ ምን እንዳጠፋ እንኳ አያውቅም።

ድሮ ሆቴላችን በቱሪስት ይሞላ ነበር። ከኮሮናና ከጦርነቱ ወዲህ ሥራው ቀዝቅዟል። አለቃችን ሰው ቀነሰ። የቀረነው የሁለት ሰው ሥራ እንሠራለን። ትርፍ ሰዓት አይከፈለንም። ባለፈው ተሰብስበን ስንጠይቀው «ክርስቲያኖች አይደላችሁም እንዴ? ያላችሁ ይብቃችሁ ነው የሚለው መጽሐፉ» አለን። ሁላችንም ዝም አልን። እኔ ሌሊቱን ሙሉ እንቅልፍ አልወሰደኝም።

ሲስተር፣ እንዲህ የምሆነው እምነት ስለጎደለኝ ነው? «ኑሮዬ ይበቃኛል» ማለትስ የመጣውን ሁሉ አሜን ብሎ መቀበል ነው? ካልሆነ ይሄ እርካታ የሚሉት ነገር ከየት ነው የሚመጣው? ተመስገን እላለሁ። የሚለው ግን አፌ ነው።

ልጅዎ፣ ከጎንደር

መልስ፦

የኔ ልጅ፣ እንቅልፍ የነሳሽ የአለቃሽ ነገር ነውና ከሱ ልጀምር።

የጠቀሰው ቃል በእርግጥ መጽሐፍ ቅዱስ ውስጥ አለ። ዕብራውያን ምዕራፍ 13 ቁጥር 5 ላይ ነው። ግን ከመሃል ቆርጦ ነው ያነበበላችሁ። ጥቅሱ ሲጀምር «አካሄዳችሁ ገንዘብን ያለ መውደድ ይሁን» ይላል። ይህ ቃል ደሞዝ ከሚጠብቀው ሰው በፊት ደሞዝ ይዞ ያስቀረውን ሰው ያገኘዋል። ሲጨርስ ደግሞ «አልለቅህም ከቶም አልተውህም» የሚለውን የእግዚአብሔርን ተስፋ ያመጣል። ያላችሁ ይብቃችሁ የተባልነው እግዚአብሔር አብሮን ስላለ ነው። አሠሪ እንዳይጠየቅ አይደለም።

መጥምቁ ዮሐንስም «ደመወዛችሁ ይብቃችሁ» ብሏል፤ ሉቃስ ምዕራፍ 3 ላይ። ለማን ነበር ያለው? ለጭፍሮች። መሣሪያ የታጠቁ ሰዎች በሕዝቡ ላይ ግፍ እንዳይሠሩ ነው የተናገረው። ጉልበት ያለውን የሚይዝ ቃል ነበር። ጉልበት የሌለውን ዝም ማሰኛ ሲደረግ ስሰማ ያመኛል።

ስለ ሠራተኛ ገንዘብ በቀጥታ የተጻፈው ሌላ ነው። ዘሌዋውያን 19 የሞያተኛ ዋጋ እስከ ነገ ድረስ አንተ ዘንድ አይደር ይላል። ሐዋርያው ያዕቆብ በምዕራፍ 5 ላይ የተቀማው ደሞዝ ራሱ እንደሚጮኽ፣ የአጫጆቹም ድምፅ ወደ ጌታ ጆሮ እንደሚገባ ጽፏል። እንግዲህ ይሄን የሚሰማ አምላክ ነው ያለን። ያን ሌሊት እንቅልፍ ያጣሽው እምነት ስላነሰሽ አይደለም።

የአገራችንም ሕግ ግልጽ ነው። በአሠሪና ሠራተኛ ጉዳይ አዋጅ ቁጥር 1156/2011 መሠረት መደበኛው ሥራ በቀን ከ8 ሰዓት፣ በሳምንት ከ48 ሰዓት አይበልጥም። ከዚያ በላይ የተሠራው ከንጋቱ 12 እስከ ምሽቱ 4 ሰዓት ባለው ጊዜ ከሆነ የመደበኛው ክፍያ አንድ ተኩል እጥፍ ነው። ከምሽቱ 4 እስከ ንጋቱ 12 ከሆነ 1.75 እጥፍ። በሳምንቱ የእረፍት ቀን ሁለት እጥፍ። በሕዝብ በዓል ቀን ሁለት ተኩል እጥፍ። ደግሞ አንድ ነገር አትርሺ፤ የዚህ ዓይነት የክፍያ ጥያቄ በ6 ወር ውስጥ ካልቀረበ በይርጋ ይታገዳል፤ ጊዜው አልፏል ተብሎ አይታይልሽም ማለት ነው። ካሸር ነሽ፣ ሒሳብ ታውቂያለሽ። የገባሽበትንና የወጣሽበትን ሰዓት በደብተር ያዢ። ባልደረቦችሽም ይያዙ። ከዚያ አንድ ላይ ሆናችሁ በጽሑፍና በአክብሮት ጠይቁት። ሆቴሉ እውነት ከስሮ ከሆነም ሒሳቡን አሳይቶ ይንገራችሁ፤ ያኔ እንደ ሰው ትነጋገራላችሁ። በጥቅስ ግን ዕዳ አይከፈልም።

«ታዲያ መብቴን ካልኩ፣ ያ የጳውሎስ ‹ይበቃኛል› የት ገባ?» ትይኝ ይሆናል። መልሱ ራሱ ጳውሎስ ላይ አለ።

«የምኖርበት ኑሮ ይበቃኛል ማለትን ተምሬአለሁና» ብሎ የጻፈው ለፊልጵስዩስ ሰዎች ነው። ሲጽፍ በእስራት ላይ ነበር። የፊልጵስዩስ ሰዎች ግን እስረኛው ጳውሎስን ያወቁት ከዚያ በፊት ነው። የሐዋርያት ሥራ ምዕራፍ 16ን እስኪ ዛሬ ማታ አንብቢው። በዚያችው ከተማ ጳውሎስና ሲላስ ያለ ፍርድ በአደባባይ ተገረፉ። እግራቸው በግንድ ተጠርቆ ወህኒ ተጣሉ። በመንፈቀ ሌሊት ይጸልዩ፣ እግዚአብሔርንም በዜማ ያመሰግኑ ነበር፤ እስረኞቹም ያዳምጧቸው ነበር። ሲነጋ ገዢዎቹ «ልቀቋቸው» ብለው ላኩ። ጳውሎስ ግን አልወጣም አለ። እኛ የሮሜ ሰዎች ስንሆን ያለ ፍርድ በሕዝብ ፊት ገርፈውን፣ አሁን በስውር ሊያስወጡን ነው? አይሆንም፤ ራሳቸው መጥተው ያውጡን አለ። ፈርተው መጡ። ለምነውም አወጧቸው።

ሌሊት የዘመረውና ጠዋት መብቱን የጠየቀው አንድ ሰው ነው። በመሃሉ ያለው ጥቂት ሰዓት ብቻ ነው። ሲዘምር «ግርፋቱ ደግ አደረገኝ» ማለቱ አልነበረም። ሲጠይቅም ሰላሙን ከገዢዎቹ እጅ እየለመነ አልነበረም። ሰላሙን ይዞት አድሯል። ለአንቺም የምመኝልሽ ይህንኑ ነው። ወደ አለቃሽ ስትገቢ ገንዘብሽን ጠይቂው። ሰላምሽን ግን ከሱ አትጠብቂ። እሱ ጋ የለም።

ቅዱስ ዮሐንስ አፈወርቅም እንዲሁ ነበር። በቁስጥንጥንያ ሊቀ ጳጳስ ሆኖ ሳለ ባለጠጎችንና ቤተ መንግሥቱን ስለ ገሠጸ ነው የተጋዘው። በአውሮፓውያን አቆጣጠር በ407 በግዞት መንገድ ላይ አረፈ። የመጨረሻ ቃሉ ስለ ሁሉም ነገር እግዚአብሔር ይመስገን የሚል ነበር። ተመስገን ብሎ የሞተው ይህ አባት፣ ዝም አልልም በማለቱ የተሰደደ ነው።

አሁን ወደ ካናዳዋ ጓደኛሽ እንምጣ።

መዝሙረ ዳዊት 72ን ታውቂው ይሆናል፤ በሌላው አቆጣጠር 73 ነው። የአሳፍ መዝሙር ነው። አሳፍ የቤተ መቅደስ ዘማሪ ነበር፤ እንደ አንቺ ከልጅነቱ በመቅደስ ያደገ ሰው በይው። እሱ ምን አለ? እግሬ ሊሰናከል ጥቂት ቀርቶት ነበር አለ። ለምን? በሰዎች ደህንነትና ምቾት ስለ ቀና። ልቤን በከንቱ አጸደቅሁ እስከ ማለት ደርሷል። ጸሎቴም ጾሜም ምን ጠቀመኝ እንደ ማለት ነው። ይህን ንግግር ቤተ ክርስቲያን አልሰረዘችውም። በዚህ ከተማ ስንት ሰው በየጠዋቱ ዳዊት ሲደግም ያንን የቅናት ኑዛዜ ጮክ ብሎ ያነበዋል። ስለዚህ ቅናትሽን ከእግዚአብሔር አትደብቂ። በቀጥታ ንገሪው። «ቀናሁ፣ ጌታዬ» በይው።

አሳፍ ነገሩ የገባው ወደ እግዚአብሔር መቅደስ ሲገባ ነው። ከዚያ ሲወጣ ኪሱ አልሞላም። ቤቱም አልተለወጠም። የተለወጠው፣ «ለእኔ ግን ወደ እግዚአብሔር መቅረብ ይሻለኛል» ማለት መቻሉ ነው።

ስለ ጓደኛሽ አንድ ነገር ልጨምር። ውጭ ያሉ የድሮ ባልደረቦቼ አንዳንዴ የሌሊት ፈረቃ ጨርሰው መኪናቸው ውስጥ ሆነው ይደውሉልኛል። ጥር 11 ሲደርስ ፋሲል መዋኛ የሚደረገውን ጥምቀት በስልክ እያዩ የሚያለቅሱ አሉ። አንቺ የሷን ሳሎን በምታዪበት ሰዓት እሷ ያንቺን ታቦት ታይ ይሆናል። እስኪ ደውይላት። ድምፅዋን ስሚ። ማታ ስትጸልዪም ስሟን ጥሪ፤ የክርስትና ስሟን ካወቅሽ በሱ። ለምትጸልዪለት ሰው መቅናት እየከበደሽ ይሄዳል። ስልኩን ደግሞ ባለቤትሽ ገብቶ እራት እስክትበሉ ድረስ መሳቢያ ውስጥ ክተቺው። ልጆቹ ከተኙ በኋላ ያለችው ያቺ ሰዓት የናንተ የሁለታችሁ ናት።

የመጨረሻው ጥያቄሽ ላይ ትንሽ ልቆይ። ከየት ነው የሚመጣው ብለሻል።

ጳውሎስ «ተምሬአለሁ» ነው ያለው። ስለዚህ አብሮት አልተወለደም። ደማስቆ መንገድ ላይ ብርሃኑን ባየ ዕለትም አልተፈጸመለትም። በመራብም በመጥገብም፣ በመጉደልም በመብዛትም ውስጥ እያለፈ ነው የተማረው። «ኃይልን በሚሰጠኝ በክርስቶስ ሁሉን እችላለሁ» የሚለው ጥቅስ በየባጃጁ ተለጥፎ አያለሁ፤ ባለቤትሽም ጋ ሳይኖር አይቀርም። ሰው ለፈተናና ለንግድ ይጠቅሰዋል። ቦታው ላይ ሄደሽ ብታነቢው ግን ጳውሎስ የሚያወራው ስለ ረሃብና ስለ ጥጋብ ነው። ክርስቶስ አብሮኝ ካለ ሁለቱንም እችለዋለሁ ነው የሚለው።

በነርስነት ስሠራ ከደምቢያ መጥታ ልጇን ታስታምም የነበረች አንዲት ገበሬ አውቃለሁ። ለሕክምናው የእርሻ በሬያቸውን ሸጠዋል። ማታ ማታ ስለ በሬው ታለቅሳለች። «ቦራዬ፣ ማን ይሆን የሚያርስብህ» እያለች፣ ሰው ሰማኝ አልሰማኝ ሳትል። ከዚያ ዕንባዋን በነጠላዋ ጠርጋ ኪዳነ ምሕረትን ታመሰግናለች። ከልጇ ቀጥሎ ያለው አልጋ ላይ አስታማሚ የሌለው አንድ ወጣት ነበር። ከአገሯ ያመጣችውን ድርቆሽ እያራሰች ለልጇ ስታጎርስ ለሱም ታጎርሰዋለች። ድርቆሹ እያለቀ እንደሆነ አያለሁ፤ እሷም ታያለች። አንድ ቀን «እንዲህ እያለቀስሽ ደግሞ እንዴት ታመሰግኛለሽ?» አልኳት። በጥያቄዬ የተገረመች መሰለችኝ። «ሲስተር፣ የተሸጠው በሬው ነው እንጂ እግዚአብሔር አልተሸጠብኝ» አለችኝ።

እኔ እርካታ ሲባል የማስበው ይህቺን ሴት ነው። ኀዘኗን አልደበቀችም። በሬው ለሷ ትልቅ ነገር ነበር፤ ትንሽ ነው ብላ ራሷን አላታለለችም። የሚቀጥለውን ክረምት ማን እንደሚያርስላቸውም አታውቅም። ግን ያላትን የምትሰጥ፣ የጎደላትን የምታለቅስ፣ በሁለቱም መሃል የማትናወጥ ሴት ነበረች። አንቺ ደግሞ ካለቀስሽ ተመስገን ያልሽው ውሸት የሆነ ይመስልሻል። አይደለም የኔ ልጅ። ዳዊትም አልቅሷል። ጌታችንም በአልዓዛር መቃብር ላይ አልቅሷል።

ያቺ ሴት ይህን ሆስፒታል ገብታ አይደለም የተማረችው። ከልጅነቷ ጾማለች። አንቺም ጾም አልሽርም ብለሻል፤ ይህ ቀላል ነገር እንዳይመስልሽ። በዐቢይ ጾም 55 ቀን ሙሉ ሥጋሽ ይጠይቃል፣ አንቺ «አሁን አይደለም» ትይዋለሽ፣ ቀኑም ይመሻል፣ አትሞቺም። ይህን ለሆድሽ ማድረግ ከቻልሽ ለዓይንሽም ትችያለሽ።

አጎቴ በልጅነቱ እዚህ ጎንደር በአታ ቤተ ክርስቲያን አቋቋም፣ የማሕሌቱን ዝማሬና ሽብሸባ፣ ተምሯል። ደበሎ ለብሶ፣ አኩፋዳ ይዞ፣ «በእንተ ስማ ለማርያም» እያለ በየደጁ ይለምን ነበር። የሚያገኘው ኩርማን እንጀራ ነው። ውሻ የነከሰው ወይም ያመመው ተማሪ ካለ ከሌሎቹ አኩፋዳ ይካፈላል። «የዕለት እንጀራችንን ዛሬ ስጠን» የምንለውን ጸሎት እሱ በሰው ደጅ ቆሞ ነው የተማረው። ሊቅ ሆኖ፣ ቤት ሠርቶም፣ የነገ ጉዳይ ሲነሳ አይሸበርም ነበር። የኪራዩ ነገር ሲያስጨንቅሽ የዚህን ወር አስቢ። የመጪውን ዓመት ኪራይ ዛሬ ማታ አትክፈዪው።

አንድ ነገር ግን ደብዳቤሽ ውስጥ ፈልጌ አጣሁ። ጾም አለ። ቅዳሴ አለ። ቁርባን የለም።

በኛ ዘንድ ቁርባን የሕፃናትና የአረጋውያን ብቻ የሚመስለው ሰው ብዙ ነው። ጎልማሳው ቆሞ አስቀድሶ፣ ጠበል ጠጥቶ፣ ወደ ቤቱ ይሄዳል። ይህ የቤተ ክርስቲያን ትምህርት አይደለም። ካህኑ ሥጋውን ይዞ ሲወጣ የሚጠራው ተዘጋጅቶ የመጣውን ሁሉ ነው። ጌታ በዮሐንስ ወንጌል ምዕራፍ 6 ላይ «የሕይወት እንጀራ እኔ ነኝ፤ ወደ እኔ የሚመጣ ከቶ አይራብም» ብሏል። አንቺ «ውስጤ እረፍት የለውም» ያልሽው ነገር ለኔ ረሃብ ነው የሚመስለኝ። ረሃብ ደግሞ በማሰብ ብቻ አይጠፋም። ማዕዱ አጠገብ በየሳምንቱ ቆመሽ ሳትበዪ እየተመለስሽ ከሆነ፣ እንዴት ትጠግቢያለሽ? ከባለቤትሽ ጋር ሆናችሁ የንስሐ አባታችሁን አነጋግሩ። ጋብቻችሁ በምን እንደተፈጸመ ንገሯቸው፤ ቀኖናውንና መንገዱን ያሳዩአችኋል። እባክሽ አታቆዪው። ከጻፍኩልሽ ሁሉ ይህን አንዱን ብቻ ብታደርጊ እኔ ደስተኛ ነኝ።

ስለ ተመስገን ደግሞ። በቅዳሴ የምንሰማው የምስጋና ጸሎት አለ፤ ጸሎተ አኮቴት። ካህኑ ለምን እንደምናመሰግን አንድ በአንድ ይዘረዝራል። ሰውሮናልና፣ ረድቶናልና፣ ጠብቆናልና፣ አቅርቦናልና፣ ተቀብሎናልና፣ አጽንቶናልና፣ እስከዚህች ሰዓት አድርሶናልና ይላል። እዚያ ተመስገን ባዶውን አይቆምም። ምክንያት አለው። አንቺም ማታ ከባለቤትሽ ጋር እንዲሁ አድርጉ። ዛሬ ምን ሰወረን? ማን ረዳን? ባጃጁ በሰላም ገባ። የትንሿ ትኩሳት ወረደ። አከራያችን እስከ ደሞዝ ታገሡን። እንዲህ በስም በስሙ። ልብሽ እስኪመጣ አፍሽ ቢቀድም ግድ የለም። ብዙ ጊዜ ልብ ዘግይቶ ነው የሚደርሰው።

የጻፍሽልኝንም ደብዳቤ ለባለቤትሽ አንብቢለት። ምን እንዳጠፋ አያውቅም አላልሽም? ምንም እንዳላጠፋ ካንቺ አፍ ይስማ።

ሌላ አጭር ጥያቄ፦

ሲስተር፣ የምጽፍልዎ ከአዘዞ ነው። 44 ዓመቴ ነው። በንግድ እግዚአብሔር ባርኮኛል። ጂ ፕላስ 2 ቤት ሠርቻለሁ። ልጆቼ ጥሩ ትምህርት ቤት ይማራሉ። ከወንድሜ ጋር በአባታችን መሬት ምክንያት ተጣልተን አንነጋገርም እንጂ ሌላ የጎደለኝ ነገር የለም። ግን ደስታ የለኝም። ሚስቴን አስፈቅጄ ሁሉን ትቼ ወደ ገዳም ልግባ እያልኩ ነው። ዋልድባ ይሻለኛል ወይስ ማኅበረ ሥላሴ?

መልስ፦

ወንድሜ፣ ዋልድባም ማኅበረ ሥላሴም የጸሎት ቦታዎች ናቸው፤ ለሱባኤ ብትሄድ መልካም ነው። ለመመነን ግን ልጆች እያሳደግክ ነው። ይህን ብቻህን አትወስንም፤ በደስታ ማጣት ምክንያትም አይወሰንም። ገዳም የሚገባው እግዚአብሔርን ፈልጎ ነው።

ከላይ ለእህትህ የጻፍኩትን ካነበብክ፣ ጳውሎስ «መብዛትንም አውቃለሁ» ማለቱን አይተሃል። ጥጋብም ትምህርት ይፈልጋል። ድሃው ቢያንስ የጎደለውን የሚያውቅ ይመስለዋል። አንተ ግን ፎቁን ጨርሰህ ቁልፉን ስትይዝ ደስታው እዚያ አለመኖሩን አየህ። ሰሎሞንም መክብብ ምዕራፍ 2 ላይ የሠራቸውን ቤቶች፣ የተከላቸውን ወይኖች ቆጥሮ ሲጨርስ ከንቱ ነው ያለው ለዚህ ነው።

ቅዳሜ ልጆችህን ይዘህ ፋሲል ግቢ ግባ። አፄ ፋሲል የሠሩት ግንብ አለ። አጠገቡ ልጃቸው ዮሐንስ የሠሩት አለ። ቀጥሎ የልጅ ልጃቸው የኢያሱ አለ። የዳዊትም፣ የበካፋም፣ የምንትዋብም አለ። ሁሉም የራሱን ጨመረ። የኢያሱ ግንብ በዘመኑ ውበቱ የተነገረለት ነበር፤ ኋላ ግን ጣሪያውን አጣ። ኢያሱ በ1699 ዓ.ም. የተገደሉት ልጃቸው ተክለ ሃይማኖት በነገሡበት ጊዜ፣ በልጃቸው ወገን ነው። ልጅየውም ከዚያ ሁለት ዓመት ሳይሞላ ተገደሉ። ይህን ለልጆችህ ስታስረዳ ስለ ወንድምህ ቢጠይቁህ ምን ትላቸዋለህ?

የወንድምህን ነገር በግማሽ መስመር «እንጂ» ብለህ አልፈኸዋል። እኔ ግን ከደብዳቤህ ሁሉ እዚያ ላይ ነው የቆምኩት። ጌታ በማቴዎስ ምዕራፍ 5 ላይ መባህን በመሠዊያው ፊት ትተህ አስቀድመህ ሂድ፣ ከወንድምህ ጋር ታረቅ ብሏል። መባውን አልናቀውም፤ ግን ይቆይ አለ። አንተ ልትሰጥ ያሰብከው መባ ራስህን ነው። እሱም ይቆያል።

መሬቱን ማን ያሸንፋል የሚለውን ለጊዜው ተወው። የሁለታችሁንም የንስሐ አባት፣ እናታችሁ በሕይወት ካሉ እሳቸውን፣ አባታችሁን ከሚያውቁ ሁለት ሽማግሌዎች ጋር ላክበት። ከሽማግሌዎቹ በፊት ግን አንተ ራስህ ደውልለት። ላያነሳ ይችላል፤ ደግመህ ደውል። ከታረቃችሁ በኋላ የገዳሙ ሐሳብ አሁንም ካለ ጻፍልኝና ስለሱ እንነጋገራለን።